የተጣለ ማዝጋን ስጦታ አይባልም

ባለፈው የታሙዝ ወር፥ ሰማዩ የጋለ ምጣድ ከሚመስልባቸው ቀናት በአንዱ፥ ለሥራ ጉዳይ እዚሁ በቂርያት ጋት ወደሚገኝ አንድ ቤት ሄደን ነበር። ሕንፃው አሮጌ፥ ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ከላዩ ጣራ እንጂ ሌላ ቤት የለም። ደረጃውን ስንወጣ አንዲት የ17 ዓመት ልጅ ደረጃው ላይ ተቀምጣ፥ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ለባግሩት ፈተና ስታጠና አገኘናት። «ለምን ቤት ውስጥ አታጠኚም?» ብንላት፥ «ማዝጋኑ ሲበራ ይጮኻል፤ ሲጠፋ ደግሞ ይሞቃል» አለችን።

ቤት ስንገባ አያቷ ከበሩ አጠገብ፥ ነፋስ ቢመጣ ብለው፥ ዝቅ ያለች ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። መስኮቱ ላይ ቀለሙ የቡና አተላ የመሰለ ትልቅ ሣጥን ተሰክቷል። ዙሪያው በካርቶንና በፕላስተር ተለጥፏል። «እማማ፥ ማዝጋን እያለዎት ለምን በሙቀት ይቀመጣሉ?» አልናቸው። «ልጄ፥ ይኸ እኮ ወፍጮ ነው። ወፍጮ ቤት ውስጥ ማን ይተኛል? ደግሞስ ወፍጮ እህል ይፈጫል፤ ይኸ የሚፈጨው የልጄን ደመወዝ ነው» አሉን።

ሣጥኑን ያመጡላቸው ደግ ሰዎች ናቸው። ለራሳቸው አዲስ ሲገዙ አሮጌውን «ለአዲስ ገቢዎች» ብለው አመጡት፤ ሰክተውት ፎቶግራፍ ተነሥተው ሄዱ። ክፋት አልነበረባቸውም። ነገር ግን በዚያ በጋ ለቤተሰቡ የመጣው የመብራት ክፍያ ደረሰኝ ከእነርሱ ቤት አልሄደም።

እኛ ይኸን ስጦታ አንለውም። በሥራችን ምክንያት በየዓመቱ እንዲህ ያሉ ሣጥኖችን በየቤቱ ስለምናይ፥ ዘንድሮ ዝም ብለን ማለፍ አልፈለግንም።

በመጀመሪያ «እናንተ ከአፍሪካ ስለመጣችሁ ሙቀት ለምዳችኋል» የሚለውን ንግግር እንመልከት። ይኸን በቢሮም በጎረቤትም እንሰማዋለን። የተማሩ ሰዎች ሲሉትም ሰምተናል። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር ይበልጣል። ወለቃና አምቦበር ያደጉ ወላጆቻችን ማታ ማታ እሳት ከብበው፥ ጋቢ ደርበው ያደጉ ናቸው። ሐምሌና ነሐሴ እዚያ ክረምት ነው፤ ዝናቡ ይዘንባል፥ ጭጋጉ ይወርዳል፥ ሰው ከቤት አይወጣም። እዚህ ግን እነዚያው ሁለት ወራት እሳት ናቸው። ቂርያት ጋት በሜዳ ላይ ያለች፥ ከፍታዋ 200 ሜትር የማይሞላ ከተማ ናት። የደጋና የወይና ደጋ ሰው ቆላ ሲወርድ እንዴት እንደሚሆን ማንም ሊያስተምረን አያስፈልግም፤ በመተማ በኩል ወደ ሱዳን የወረዱት፥ በኡም ረኩባ መጠለያ ዘመዶቻቸውን የቀበሩት ያውቁታል። ስለዚህ «ለምዳችኋል» የሚለን ሰው ካርታ አላየም ማለት ነው።

በከተማችን ያለው የኢንቴል ፋብሪካ እነዚያ ስስ ዕቃዎች በሚሠሩባቸው ክፍሎች ውስጥ ሙቀቱና እርጥበቱ ሌሊትም ቀንም አንድ ዓይነት ሆኖ ይጠበቃል። ለዕቃው እንዲህ ይታሰባል። በአሮጌ ሕንፃ የላይኛው ፎቅ ለሚኖሩ የ80 ዓመት ሴት ግን አንድ የተጣለ ሣጥን ይበቃል ይባላል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ፤ ምክንያቱም ክርክራችን በስሜት ብቻ የቆመ አይደለም። ያረጀ የመስኮት ማዝጋን ሲሠራ አንድ ኪሎዋት ተኩል ያህል ኃይል ሊወስድ ይችላል። በቀን 10 ሰዓት ቢሠራ 15 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የመብራት ዋጋ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት 60 አጎሮት ነው ብለን ብናስብ (በ2025 ከዚያ ትንሽ ይበልጥ ነበር) በቀን 9 ሸቄል ይሆናል። በአራት የበጋ ወራት፥ ማለትም በ120 ቀን፥ 1,080 ሸቄል ማለት ነው። አዲስ፥ ትንሽ፥ ኢንቨርተር ያለው ማዝጋን ግን ክፍሉን አንዴ ካቀዘቀዘ በኋላ ፍጥነቱን ራሱ ስለሚቀንስ፥ በአማካይ ስድስት መቶ ዋት ቢወስድ በቀን 3 ሸቄል ከ60፥ በአራት ወር 432 ሸቄል ይሆናል። ቁጥሩ ከቤት ቤት ይለያያል፤ ለማሳያ ነው ያሰላነው። ልዩነቱ ግን በአንድ በጋ ወደ 650 ሸቄል ይጠጋል። እንግዲህ «በነጻ» የተሰጠው ሣጥን በሁለት ወይም በሦስት በጋ የአዲስ ትንሽ ማዝጋን ዋጋ ከደሀው ኪስ ይወስዳል።

ጩኸቱስ? ይኸን ብዙ ሰው እንደ ቅንጦት ያየዋል። «ይቀዝቅዝላችሁ እንጂ ድምፁ ምን አደረጋችሁ» ይሉናል። የመስኮት ማዝጋን ኮምፕረሰሩም ማራገቢያውም በአንድ ሣጥን ውስጥ፥ ግማሽ አካሉም ክፍሉ ውስጥ ስለሆነ፥ ከተፈጥሮው ይጮኻል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ማዝጋን ግን ኮምፕረሰሩ ውጭ ነው፤ ውስጥ የሚቀረው ነፋሱ ብቻ ነው። ድምፅ የሚለካው በዴሲቤል ነው። እዚህ ላይ መታወቅ ያለበት፥ 10 ዴሲቤል ሲጨምር ጆሯችን ሁለት እጥፍ ያህል እንደጨመረ አድርጎ እንደሚሰማው ነው። በወረቀቱ ላይ 50 እና 60 ተቀራራቢ ቁጥሮች ይመስላሉ፤ በመኝታ ቤት ግን አንደኛው የሚያስተኛ፥ ሌላው የሚያባርር ነው። ሦስትና አራት ሰው በአንድ ክፍል በሚተኛበት ቤት፥ ልጅ በሚያጠናበት ቤት፥ ጸጥታ ቅንጦት አይደለም። ልጅቷ ደረጃ ላይ የወጣችው ስለ ቅንጦት አልነበረም። ጎረቤትም አለ። በዚህ ሀገር ስለ ጩኸት ከ1961 ጀምሮ ሕግ አለ፤ በ1990 ዝርዝር ደንብ ወጥቶለታል። ሣጥኑ ሌሊት ሲያንጓጓ ጎረቤት የሚከሰው የሰጡትን ሰዎች ሳይሆን የተቀበለውን ቤተሰብ ነው። ከዚያም «እነዚህ ሰዎች ይረብሻሉ» የሚል ስም ይወጣልናል።

እንዲህ ስንል የመስኮት ማዝጋን ሁሉ መጥፎ ነው ማለታችን አይደለም። ቤት ተከራይቶ የሚኖር፥ ባለቤቱ ግድግዳ እንዲበሳ ያልፈቀደለት፥ በየዓመቱ ቤት የሚለውጥ ሰው ነቅሎ ይዞት የሚሄደው ዕቃ ያስፈልገዋል። ለእርሱ አዲስና ትንሽ የመስኮት ማዝጋን ጥሩ ነው። ቱቦውን በመስኮት የሚያወጣው፥ በጎማ የሚሽከረከረው ተንቀሳቃሽ ማዝጋን ግን ሻጮች እንደሚሉት አይደለም፤ ኮምፕረሰሩ ሙሉ በሙሉ ክፍሉ ውስጥ ነው፤ ደግሞም ያቀዘቀዘውን አየር ራሱ በቱቦው እየሳበ ወደ ውጭ ይጥለዋል። ማራገቢያም አይናቅ። አምሳ ስድሳ ዋት ብቻ ይወስዳል፤ ብዙ ሌሊት ይበቃል። ሙቀቱ ከ40 በላይ ሲሆን ግን ጋለ ያለ አየር እያመጣ ሰውነትን ስለሚያሞቅ ለሽማግሌና ለሕፃን አይታመንም።

ተቆጥተን የምንጽፈው በሌሎች ላይ ብቻ ከሆነ ፍትሕ አይሆንም፤ እኛም ጥፋት አለብን። ወገኖቻችን ማዝጋን ሲገዙ እንደ በሬ በትልቅነቱ ይመርጣሉ። ለ12 ካሬ ሜትር መኝታ ቤት የሳሎን ማዝጋን የሰቀለ ቤተሰብ አይተናል። ከመጠን በላይ ትልቅ የሆነ ማዝጋን፥ በተለይ ኢንቨርተር የሌለው፥ ክፍሉን በጥቂት ደቂቃ ያቀዘቅዝና ይጠፋል፤ ወዲያው እንደገና በጩኸት ይነሣል። እርጥበቱን ለማውጣት ጊዜ ስለማያገኝ ቤቱ ቀዝቃዛና ወበቃማ ይሆናል፤ ሰውነትን ያጣብቃል። የሚለካው በቢቲዩ ነው። እዚህ ሀገር ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ ለአንድ ካሬ ሜትር 600 ቢቲዩ ያህል ያስባሉ፤ ለላይኛው ፎቅና ፀሐይ ከሰዓት በኋላ ለሚመታው ክፍል ይጨምራሉ። ስለዚህ ለ12 ካሬ ሜትር ከ7,000 እስከ 9,000 ይበቃል። ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ክፍሉን በሜትር ለኩ፥ ቁጥሩን በወረቀት ጻፉ፥ ወረቀቱን ለሻጩ አሳዩ። ሻጩ በዓይኑ ከናንተ ላይ ሌላ ነገር ለክቶ እንዳይነግራችሁ።

በማዝጋኑ ላይ የተለጠፈውን የኃይል ምልክት እዩ። በላቲን ፊደል ከኤ እስከ ጂ ይሄዳል፤ ኤ ከሁሉ ይሻላል፤ ጂ በላተኛው ነው። ከዚያ በውስጥ በኩል ያለውን የዴሲቤል ቁጥር ጠይቁ። ሻጩ «አይሰማም፥ ጸጥ ያለ ነው» ቢላችሁ፥ «የት ነው የተጻፈው?» በሉት። ይኸን ጥያቄ በዕብራይስጥ መጠየቅ የምትችል የ12 ዓመት ልጅ በየቤቱ አለች፤ ግን ልጅቷን ብቻዋን ለሻጭ አትስጧት፥ አብራችሁ ቁሙ።

በር እያንኳኩና በስልክ እየደወሉ ስለሚሸጡ ሰዎች ለብቻው መናገር ይገባል። ቆንጆ ቋንቋ ይናገራሉ፤ አንዳንድ ጊዜም የገዛ ቋንቋችንን። «በወር 99 ሸቄል ብቻ» ይላሉ፤ ስንት ወር እንደሆነ ግን በታችኛው ደቃቅ ጽሑፍ ነው የሚገኘው። ፈርማችሁ ከሆነ አትደንግጡ። የሸማቾች ጥበቃ ሕግ ለአዲስ ገቢዎች (ወደ ሀገር ከገቡ አምስት ዓመት ላልሞላቸው)፥ ለአረጋውያንና ለአካል ጉዳተኞች ልዩ መብት ሰጥቷል፤ ይኸውም በስልክ ወይም በር ድረስ መጥቶ ተነጋግሮ የተሸጠን ዕቃ በአራት ወር ጊዜ ውስጥ ውሉን መሰረዝ ትችላላችሁ። ለሌላው ሰው ሕጉ የሚሰጠው 14 ቀን ነው። ስረዛውን በቃል ሳይሆን በጽሑፍ አድርጉ፤ የጻፋችሁበትንም ቅጂ አስቀምጡ። ከሱቅ ሄዳችሁ የገዛችሁትን ግን አንዴ ከመብራት ጋር ካገናኛችሁት መመለስ ያስቸግራል። ስለዚህ ሣጥኑን ከመክፈት በፊት የተጻፈውን ቁጥር ከወረቀታችሁ ጋር አመሳክሩ።

ስለ መግጠም ደግሞ ብዙ የሚያናድድ ነገር አለ። የዚህ ሀገር መስኮት ወደ ጎን የሚንሸራተት ነው። በአሜሪካ ፊልም የምታዩት ወደ ላይ ከሚነሣ መስኮት ሥር የሚቀመጥ ማዝጋን እዚህ በደንብ አይገጥምም፤ የቀረው ክፍተት በአልሙኒየም ወይም በወፍራም ፕላስቲክ ተቆርጦ፥ ዳር ዳሩ በጎማ ተደርጎ መዘጋት አለበት። ካርቶን መዝጊያ አይደለም፤ የቀዘቀዘው አየር በዚያ ይወጣል፥ ሙቀቱም የመንገዱም ጩኸት በዚያ ይገባል። ሣጥኑ ከውጭ በብረት ድጋፍ መደገፍ አለበት፤ ሥሩም ጎማ ይደረግለት፤ ከጩኸቱ ብዙው የሚመጣው ብረት ከብረት እየተነካካ ነው። ውኃው ወደ ውስጥ እንዳይመለስ የፋብሪካው መመሪያ እንደሚለው ትንሽ ወደ ውጭ ያዘንብል፤ ውኃውም በቱቦ ይውረድ እንጂ የታችኛዋን ጎረቤት ልብስ አያበላሽ። የውኃው ነገር ቀላል መስሎ እንዳይታያችሁ፤ በ2025 በአሜሪካ 1.7 ሚሊዮን ያህል የመስኮት ማዝጋኖች ውኃው ውስጣቸው እየቀረ ሻጋታ ስላበቀለ ተጠርተው ነበር። ሻጋታ ደግሞ አስም ላለበት ልጅ ጠላት ነው። ማጣሪያውን በየወሩ አውጥቶ በለብ ያለ ውኃ ማጠብና ማድረቅ ገንዘብ አያስከፍልም።

ቤታችሁ ማማድ ካለው፥ ግድግዳውን በራሳችሁ አትብሱ። የማማድን ግድግዳ ያለ ፈቃድና ያለ ተፈቀደ ማሸጊያ መብሳት ክልክል ነው። በብረት መስኮቱም ላይ ማዝጋን አይሰካም፤ ሲረን ሲጮኽ መስኮቱ መዘጋት አለበት። ይኸን በቂርያት ጋት ለሚኖር ሰው ማብራራት አያሻንም።

ስለ መብራቱ። አሮጌ ቤቶች ብዙዎቹ 25 አምፔር ብቻ ነው ያላቸው፤ በጠቅላላው ከ6 ኪሎዋት በታች ማለት ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ሦስት ኪሎዋትና ከዚያም በላይ ይወስዳል፤ የውኃ ማሞቂያው ሁለት ተኩል ያህል። ዓርብ ጧት እናት እንጀራዋን ስትጋግር፥ ዱዱ ተከፍቶ፥ ማዝጋኑ ሲነሣ ቤቱ ለምን እንደሚጨልም እንግዲህ ገባችሁ። ማዝጋኑም እናቲቱም ጥፋት የለባቸውም፤ ሁለቱን በየተራ ማድረግ ነው። ማዝጋንን በማራዘሚያ ገመድ መሰካት ግን እሳት መጋበዝ ነው። ገመድ ምንጣፍ ሥር ሄዶ ሲግል አይተን በእጃችን የነቀልንበት ቀን አለ። የራሱ መስመር ያስፈልገዋል፤ ያንን የሚሠራው ደግሞ በ1954ቱ የኤሌክትሪክ ሕግ መሠረት ፈቃድ ያለው ሐሽመላይ ብቻ ነው። የአጎት ልጅ ጎበዝ ቢሆንም ፈቃድ የለውም። ለሻባት ሰዓት መቁጠሪያ የምትጠቀሙም፥ ከገበያ በ20 ሸቄል የተገዛችው ለመብራት አምፖል እንጂ ለትልቅ ማዝጋን አትሆንም፤ ሐሽመላዩ በማከፋፈያው ሣጥን ውስጥ እንዲያስገባላችሁ ጠይቁት።

አንድ ማታለል ሳንጠቅስ አናልፍም። «ጋዙ አልቋል፥ በየዓመቱ ይሞላል» የሚል ሠራተኛ ይመጣል። ጋዝ እንደ ቡታጋዝ አያልቅም፤ በተዘጋ ቧንቧ ውስጥ እየዞረ ለዓመታት ይኖራል። ከቀነሰ የሚያፈስ ቀዳዳ አለ ማለት ነው፤ ቀዳዳውን ሳይደፍን የሚሞላ ሰው በሚቀጥለውም በጋ ሊከፈለው አስቦ ነው።

ሽማግሌዎቻችን «ምች ይመታናል» ብለው ማዝጋን ይፈራሉ። ልጆች ይስቁባቸዋል። እኛም ዩኒቨርሲቲ ሳለን ትንሽ ስቀን ነበር፤ አሁን አንስቅም። ከውጭ 36 ዲግሪ ተላቆ 18 ዲግሪ ወደ ሆነ ክፍል መግባት፥ ቀዝቃዛ ነፋስም በቀጥታ በአንገት ላይ ሲወርድ ማደር፥ ዳማ ከሴ የሚያስፈልገው ሰው ያደርጋል ቢሉ አልተሳሳቱም። ማዝጋኑን 25 ወይም 26 ላይ አድርጉት፥ ነፋሱን ወደ ጣራ አዙሩት፥ ጋቢያቸውን አትንጠቋቸው። ያን ጊዜ ራሳቸው «አብሩልኝ» ይላሉ። ከቢቱዋሕ ለኡሚ የአረጋውያን ጡረታ ከገቢ ማሟያ ጋር የሚቀበሉ ከሆነም፥ ከመጀመሪያው 400 ኪሎዋት ሰዓት በወር ግማሹን ዋጋ ብቻ ይከፍላሉ። ደረሰኛቸው ላይ ቅናሹ መኖሩን ተመልከቱ፤ ሳያውቁት ሙሉ ሲከፍሉ የኖሩ አግኝተናል።

ወደዚያ ቤት እንመለስ። ወንድ ልጃቸውና ሁለት ዘመዶች አዋጥተው ትንሽ ማዝጋን በግድግዳ ላይ አሰቀሉ፤ የቤቱ ባለቤት ሦስት ጊዜ ተለምኖ በጽሑፍ ፈቀደ። ዕቃውን ያመጡት ሰዎች አሮጌውን ሣጥን ለማውረድ 200 ሸቄል ጠየቁ። በ2012 በወጣው የኤሌክትሪክ ዕቃ ቆሻሻ ሕግ መሠረት አዲስ የሸጠ ነጋዴ ተመሳሳዩን አሮጌ ዕቃ ያለ ክፍያ የመውሰድ ግዴታ እንዳለበት ልጅቷ ነገረቻቸው፤ እያጉረመረሙ ተሸክመው ወረዱ። እማማ ከሰዓት በኋላ ጋቢያቸውን ይዘው ክፍሉ ውስጥ ተቀምጠው፥ «መቼ ነው የሚያስነሡት?» ብለው ጠየቁ። ከተነሣ አንድ ሰዓት ሆኖት ነበር።

እንግዲህ የምንጠይቀው ይኸ ነው። ለአዲስ ገቢዎች የሚለግሱ ማኅበራት ወይ ምልክቱ ጥሩ የሆነ አዲስና ትንሽ ማዝጋን ከነመግጠሚያው ይስጡ፥ ወይ ገንዘቡን ለቤተሰቡ ይስጡ፥ ወይ ማራገቢያ ያምጡ። ያረጀውን ወደ መልሶ መጠቀሚያ ይውሰዱት። ቤት አከራዮችም «ግድግዳዬን አትንካ» ከማለታቸው በፊት በነሐሴ ወር አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በዚያ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይቀመጡ። ይኸ ጽሑፍ በዚህ እትም የዕብራይስጥ ገጽ ላይም ታትሟል። ቀዳችሁ አስቀምጡት፤ አሮጌ ሣጥን ተሸክሞ በራችሁን ለሚያንኳኳ ሰው፥ ቡና አፍልታችሁ ካስተናገዳችሁት በኋላ፥ ስጡት።